የራስን ኀዘን በራስ ድምፅ፦ ስለ ወጣት ራፐሮቻችንና ስለ ተቀባያቸው

(በሮቤ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለከተማው ነዋሪዎች በቃል የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።)

ንግግሬን በገዛ ጥፋቴ እጀምራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ሊያጠና የፈለገው ወጣቶች በመኝታ ክፍላቸው እየቀረጹ በስልክ የሚቀባበሉትን ራፕ ነበር። ርእሱን አንብቤ ሳልጨርስ «ይህ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ የታወቀ ገጣሚ ፈልግ» ብዬ መለስሁት። ልጁ አልተከራከረኝም። እጅ ነሥቶ ወጣ፤ ሌላ ርእስ ሠርቶ ተመረቀ።

ከዓመት በኋላ ከሮቤ ወደ ጎባ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ረዳቱ ከስልኩ አንድ ዘፈን ከፈተ። ድምፁን ዐወቅሁት፤ ያ ተማሪዬ ነበር። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ስለጠፋ እኅቱ በከፊል እየተናገረ፣ በከፊል እያንጎራጎረ ያወጋል። እናቱ ልጄ ትደውል ይሆናል ብላ በየምሽቱ ስልኳን ቻርጅ ላይ ሰክታ እንደምታድር ይነግረናል። በሚኒባሱ ውስጥ የነበረው ወሬ ተቋረጠ። ከአጠገቤ የተቀመጡ እናት የሻሻቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። እኔን ግን የያዘኝ ኀፍረት ነበር። ግጥም በሰው ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳስረዳ ኖሬ፣ ሲሠራ ያየሁት ግን ከክፍሌ በመለስሁት ልጅ ዘፈን ነበር።

የዛሬው ንግግሬ ለዚያ ተማሪ የዘገየ መልስ ነው። ለማስረዳት የምሞክረውም ይህን ነው፦ በራሳቸው ገንዘብና በራሳቸው ዕቃ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ራፕን ከሬጌ፣ ከትዝታ፣ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና ከባህል ምት ጋር እየቀላቀሉ የውስጥ ሕመማቸውን ሲናገሩ፣ ከአባቶቻቸው ቤት አልወጡም። የጎደላቸው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ተቀባይ።

ፉከራው ኑዛዜ የሆነበት መንገድ

ሂፕ ሆፕ ተወለደ የሚባልበት ቀን ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ነው። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ ሰፈር፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ እኅቱ ባዘጋጀችው ግብዣ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ጥበቡ ቀላልም ረቂቅም ነበር፤ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርባትን አጭር ቦታ ለይቶ፣ በሁለት ሸክላ እየመላለሰ አስረዘማት። በዚያ በረዘመው ምት ላይ ሰው መናገር ጀመረ። መጀመሪያ የተነገረው ደግሞ «እኔ ነኝ» የሚል ነበር፤ በእኛ አነጋገር ፉከራ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ግራንድማስተር ፍላሽና ጓደኞቹ «ዘ ሜሴጅ» የተባለውን ሥራ ሲያወጡ የድኻ ሰፈር ኑሮ በራፕ ውስጥ ጎልቶ ተሰማ። ወደ ግል ኀዘን የተደረገው ትልቁ መታጠፍ ግን ብዙ ቆይቶ የመጣ ነው። ካንዬ ዌስት እናቱ ከሞቱ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ «808ስ ኤንድ ኸርትብሬክ» የተባለውን አልበም አወጣ። በፉከራው የሚታወቅ ሰው በዚህ አልበም አብዛኛውን ጊዜ ራፕ አላደረገም፤ በማሽን በተለወጠ ድምፅ አንጎራጎረ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ራፐር ማልቀስ እንደሚችል፣ በራፕና በዘፈን መካከል ያለው አጥርም ሊፈርስ እንደሚችል ከዚያ አልበም ተማረ።

ከዚህ ትውልድ አንዱ የእኛው ልጅ ነው። ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች በቶሮንቶ እ.ኤ.አ. በ1990 የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ ዓለም ዘ ዊኬንድ ብሎ የሚያውቀው፣ በእናቱና በአያቱ እጅ በአማርኛ ያደገ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ ፊቱን ሳያሳይ ጥቂት ዘፈኖችን በዩቲዩብ ለቀቀ፤ በ2011 ደግሞ ሦስት ሙሉ ሥራዎችን በነጻ አደለ። ኩባንያ መጥቶ ሦስቱን በአንድ ላይ ያሳተመው ከዚያ በኋላ ነው። እሱ ራሱ ከራፐር ይልቅ ዘፋኝ ነው፤ ነገር ግን የሂፕ ሆፕን ምት፣ የሶልን ዜማና የብቸኛ ሰው ኑዛዜን አንድ ላይ ያፈላበት መንገድ ዛሬ በሮቤ ኮምፒውተር ከፍቶ ለሚቀመጥ ወጣት ምሳሌ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ዘ ሂልስ» የሚያልቀው በአማርኛ ቃላት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በአሜሪካም አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሜሬባ ራፕን ከፎክና ከሶል ጋር ታዋሕዳለች፤ በሲያትል ገብርኤል ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ2007 «ላቭወርክ» በተባለው ሥራው ፍቅርንና ስደትን በራፕ ተናግሯል።

በአገር ቤትም መንገዱ ባዶ አልነበረም። ቴዲ ዮ «ጉራጌ ቶን» ብሎ ራፕን በጉራጌ ምት ላይ አስቀምጦ ሕዝብ አስጨፍሯል። ሮፍናን በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃን ከአገር ምት ጋር አጋብቶ፣ አንድ ሰው በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ሙሉ አልበም ሊያነጽ እንደሚችል ለወጣቱ አሳየ። ካሥማሠ ደግሞ በንግግርና በዜማ መካከል ያለውን ድንበር በማላላት ሬጌን፣ ራፕንና የአገራችንን ቅኝት በአንድ ትንፋሽ ይሄድባቸዋል።

የጌራርሳ ፈቃድ

እዚህ ላይ የሥነ ቃል መምህር እንደመሆኔ አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በአማርኛ የቃል ግጥም ሁለት የተለያዩ ክፍሎች አሉን። በአንደኛው ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ ይቀመጣሉ፤ እነዚህ የጀግና ናቸው። በተለይ ፉከራ በፍጥነት የሚነገር፣ በትንፋሽ ኀይል የሚነዳ በመሆኑ ለራፕ የቅርብ ዘመድ ነው። በሌላው ክፍል እንጉርጉሮ፣ ሙሾና ትዝታ አሉ፤ እነዚህ የሐዘንተኛ ናቸው። የሚፎክር ሰው በፉከራው መካከል «እናቴ ናፈቀችኝ» አይልም። የሁለቱ ክፍሎች በር እንደተዘጋ ኖሯል።

በኦሮሞ ሥነ ቃል ግን በሩ ክፍት ነው። ጌራርሳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አደንና ጀግንነት ብቻ ነው። ቀረብ ብሎ ያዳመጠ ሰው ግን በዚያው ጌራርሳ ውስጥ ድህነትን፣ ወኅኒ ቤትን፣ ዘመድ ማጣትን፣ በወንድም መከዳትን ይሰማል። ሰውዬው ራሱን በአንደኛ መደብ እየጠራ፣ ድሉንና ውርደቱን በአንድ አፍ ያወጣል። ይህ ለአንድ ሰው የተሰጠ ትልቅ ፈቃድ ነው፤ ሳትዋረድ ውርደትህን ተናገር የሚል ፈቃድ። አዲሱ ቶለሳ ጌራርሳን እንደ ብሔራዊ ሥነ ጽሑፍ የመረመሩበት መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ሁሉ «ይህ ዘፈን እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም» ይሉ ከነበሩ ሰዎች መካከል እኔን የመሰሉ መምህራን አይጠፉም።

በባሌ ደግሞ ሌላም ምስክር አለን። ወደ ድሬ ሼኽ ሁሴን የሚጓዙት ጋሪባዎች ጫፉ ባላ የሆነ በትራቸውን ይዘው ባህሮ ሲሉ፣ ውዳሴውን፣ ልመናውንና የግል ችግራቸውን በአንድ ምት ላይ ያስኬዳሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ስለዚህ በሲናና የስንዴ ማሳ መካከል ያደገ ልጅ በምት ላይ ሲናገርና ሲያዝን ብናይ፣ ከብሮንክስ የመጣው መሣሪያው ነው። ፈቃዱን ያገኘው ከአያቱ ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ይህን ስል ሁሉም ሥራ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ጥሩውን ከደካማው ለመለየት እንድንችል ከሥራው ብልሃት አራት ነገሮችን ላንሣ።

የመጀመሪያው ምት ነው። የሂፕ ሆፕ ምት በአራት ይቆጠራል። ቺክቺካ የምንለው የደገኛው አገር ምት ግን በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ነው። ሁለቱን በግድ ያጋባ ሰው የሚያወጣው የሚያነክስ ሙዚቃ ነው። ነገር ግን በዘመኑ ራፕ ውስጥ አንዱን ምት ለሦስት ከፍሎ መናገር የተለመደ ሆኗል፤ ይህ የሦስት አከፋፈል ቺክቺካው የሚገባበት በር ነው። ጎበዝ ወጣት ከበሮውን በአራት ይተውና ምላሱን በሦስት ያስኬደዋል። ሰሚው ምክንያቱን ሳያውቅ ትከሻው ይነቃነቃል።

ሁለተኛው ቤት መምታት ነው። አማርኛም ሆነ አፋን ኦሮሞ ግሥን በዐረፍተ ነገር መጨረሻ የሚያስቀምጡ ቋንቋዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት በግሥ ቅጥያ ቤት መምታት ያለ ድካም የሚገኝ ነገር ነው፤ «መጣ፣ ወጣ፣ አጣ» እያለ ማንም ሰው እስከ ማታ ሊቀጥል ይችላል። ደካማ ራፐር የሚታወቀው በዚህ ነው። ብልኁ ስሙን ከግሡ፣ የመስመሩን መካከል ከመስመሩ መጨረሻ ጋር ያገናኛል። በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩት ደግሞ የቆየው የቃል ግጥም ከቤት መምታት ይልቅ በትይዩ ሐሳብና በድግግሞሽ የሚጸና መሆኑን ቢያስታውሱ ብዙ ይጠቀማሉ።

ሦስተኛው የቃሉ መጥበቅና መርዘም ነው። በአማርኛ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በሕይወት መኖርን ያመለክታል። በአፋን ኦሮሞ መሬት የሚለው ቃል አናባቢዎቹ ሲረዝሙ «ለስላሳ» ወይም «ደካማ» ይሆናል። በጥድፊያ የሚናገር ራፐር ይህን ካላከበረ ሐሳቡ ይጠፋል። ካወቀበት ግን አንዱን ቃል መጀመሪያ አላልቶ፣ ቀጥሎ አጥብቆ ሰምና ወርቅ ይሠራበታል። ቅኔ የተማሩ አባቶች ይህን ቢሰሙ ፈገግ ይላሉ እንጂ አይቈጡም።

አራተኛው ድምፅ የሚያስተካክለው መሣሪያ ነው። አውቶ ቲዩን እ.ኤ.አ. በ1997 ሲወጣ የታሰበው የዘፋኝን ስሕተት ለማረም ነበር። አጥብቀው ሲጠቀሙበት ግን ድምፁን ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው በድንገት ያዘልለዋል፤ በመካከል ያለውን ማንሸራተትና ማርገብገብ ይበላዋል። የእኛ ትዝታ ደግሞ አብዛኛው ሕይወቱ ያለው በዚያ በሚበላው መካከል ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችን መሣሪያውን ላላ አድርገው ቢጠቀሙበት፣ ወይም ኀዘኑ በሚጠነክርበት ቦታ ፈጽመው ቢያጠፉት፣ ድምፃቸው የራሳቸው ሆኖ ይቀራል።

ያለ አሳታሚ መኖር

«ኢንዲፔንደንት» የሚለው ቃል አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ በአገራችን ታሪክ አለው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ እሸቴ የተባለ ወጣት ነጋዴ ይህን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ በሸክላ አሳተመ፤ አምሐ ሪከርድስም ተመሠረተ። ዛሬ ዓለም «ወርቃማው ዘመን» እያለ የሚያደንቀው ሙዚቃ በብዛት የተረፈልን ፈቃድ ሳይጠብቁ በሠሩ እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ያለውን ሥራ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 ናስና ዴሚያን ማርሊ ወስደው «አዝ ዊ ኤንተር» ለተባለው ራፓቸው መሠረት አድርገውታል። የርእሱን ቃል ልብ በሉ፤ የግል ትዝታ። የአንድ ሰው የግል ትዝታ ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ በሌላ አህጉር የሌሎች ንግግር መቆሚያ ሆነ።

የዛሬው ወጣት አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ማይክሮፎን፣ ድምፅ እንዳያስተጋባ በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ አለው። መብራት እስካለ ድረስ ይሠራል። ሥራውን ለመሸጥ ግን አሁንም ይቸገራል። ኤልያስ መልካ፣ ዮሐንስ በቀለ (ጆኒ ራጋ)፣ ኃይሌ ሩትስና ዳዊት ንጉሡ «አውታር» የተባለውን የስልክ መተግበሪያ በ2011 ዓ.ም. ያቀረቡት ባለሙያው ከሽያጩ በቀጥታ ድርሻውን እንዲያገኝ አስበው ነው። ኤልያስ ብዙም ሳይቆይ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ሰዋስውን የመሰሉ ሌሎችም መጡ። ጥያቄው ግን እንዳለ ነው፤ የባለሙያው እንጀራ ከማን እጅ ይውጣ?

ለተማሪዎቻችን የሚጠቅም አንድ የሕግ ነጥብ እዚህ ላይ ላስቀምጥ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 872 የተሻሻለው፣ ወጥ የሆነ ሥራ ተቀርጾ ወይም ተጽፎ ከተገኘ ጥበቃ እንደሚገባው ይደነግጋል። ጥበቃው አመንጪው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ግጥሙን ማን እንደጻፈ፣ ቢቱን ማን እንደሠራ፣ አዝማቹን ማን እንዳወጣ ዘፈኑ ከመለቀቁ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ወዳጅነት እያለ የተጻፈ ወረቀት ወዳጅነትን ያቆያል።

ተቀባይ ስለ ማጣት

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደርሻለሁ። በአገራችን ሐዘን ብቻውን የሚለቀስ ነገር አልነበረም። ሙሾ አውራጇ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፤ ሰልስት አለ፣ ተስካር አለ፣ በሙስሊሙ ዘንድ ተዕዚያ አለ። ሐዘን መጀመሪያና መጨረሻ የነበረው ሰው ስለነበረው ነው። ጌራርሳ የሚል ሰውም በዙሪያው የተቀመጡት ቃል እየጣሉ ያበረታቱታል። ዘፈናችንም ቢሆን ያለ ተቀባይ አይሞላም፤ አውጪ ብቻውን ቢጮህ ዘፈኑ ጎደሎ ነው።

የዛሬው ልጅ ግን ሐዘኑን በሌሊት፣ በብርድ ልብስ ሥር፣ ለስልክ ይነግራል። መልስ አድርጎ የሚያገኘው ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ሰው አየው የሚል ቁጥር። ቁጥር ደግሞ ሰልስት አያወጣም። የባሰው ነገር ሐዘኑ ከተወደደለት ሐዘንተኛ ሆኖ እንዲቀጥል ገበያው ያስገድደዋል። በአሜሪካ በዚህ መንገድ ስማቸው የገነነው ሊል ፒፕና ጁስ ዎርልድ፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2017፣ ሁለተኛው በ2019፣ ሁለቱም በ21 ዓመታቸው ከልክ ባለፈ መድኃኒት ሞቱ። ሚሊዮኖች ሕመማቸውን ያዜሙ ነበር። ሕመም የሚዜምበት ቦታ ሁሉ ግን ሕመም የሚሰማበት ቦታ አይደለም።

ስለዚህ ከመምህራንና ከነዋሪዎች ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ እንስማቸው፤ ከልጆቻችን ስልክ የሚወጣውን ጩኸት ብለን ከመዝጋታችን በፊት ቃሉን እንለየው። ሁለተኛ፣ እንተቻቸው፤ መልካም ተቀባይ ዜማው ሲሰበር ያውቃል፣ ያርማልም። ጭብጨባ ብቻ መስጠት ሌላ ዓይነት መተው ነው። ሦስተኛ፣ እናኑራቸው፤ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ክፍሎቻችን እነዚህን ሥራዎች ለመመረቂያ ጥናት ይቀበሉ፣ ግጥሞቹ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ተገልብጠው በቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። ስልክ ይጠፋል፣ ገጽ ይዘጋል። ሥነ ቃልን ሰብስበን የምናስቀምጠው ተናጋሪዎቹ ካረፉ በኋላ ብቻ መሆን የለበትም።

ከዚያ የሚኒባስ ጉዞ በኋላ የተማሪዬን ስልክ ቁጥር ፈልጌ ደወልሁለት። ስለ ዘፈኑ ላመሰግነው፣ ስለ ርእሱም ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥንና ግን አስቀድሞ ከአፌ የወጣው «እኅትህ ደወለች?» የሚለው ነው። ትንሽ ዝም አለ። «እስካሁን አልደወለችም፣ ዶክተር» አለኝ። ቀጥሎም «ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ቢቱን ማን ሠራልህ ይለኛል፤ ስለ እሷ የጠየቀኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያው ነዎት» አለ።

ተቀባይ ማለት ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ነው። ያ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጧል፤ ስሙን አልጠራም። ርእሱን ይዞ ለሁለተኛ ዲግሪ ቢመጣ ግን የቢሮዬን በር ክፍት ያገኘዋል።